አጥፋ! ፍታ! አንሳ!

አጎቴን ሰው ሁሉ «አዋላጁ» ይለዋል፤ ሞተር ከጎርፍ ስለሚያወጣ ነው። የሚሠራበት ፓምፕ ቤት ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጥልቅ ክፍል ነው። ፓምፑና ሞተሩ ከታች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የማብሪያው ሳጥን ከላይ፣ ደረጃው ራስ ላይ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አለ። ጎርፉ በርትቶ ውሃው ቀዩን መስመር የነካ እንደሆነ አጎቴ ሦስት ቃል ይጮኻል። «አጥፋ!» ሲል አንዱ ማብሪያውን ወደ ታች ይመታል። «ፍታ!» ሲል ሌላው ቁልፍ ይዞ ወርዶ ብሎኖቹን ይፈታል። «አንሳ!» ሲል ሁላችንም የማንሻውን ሰንሰለት እንጎትታለን፤ ሞተሩም እየተወዛወዘ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ አጎቴ የዝናብ ካፖርቱን አውልቆ ያለብሰዋል። እሱ ራሱ ይረጥባል።

በሌሎች ፓምፕ ቤቶች ስንትና ስንት ሞተር ውሃ ገብቶበት ተቃጥሏል። በአጎቴ እጅ አንድም አልተቃጠለም። ይህ ኩራቱ ነው፤ ሲያወራው አገጩን ከፍ ያደርጋል።

ችግሩ ሞተሩ ከላይ ካፖርት ለብሶ ሲቀመጥ ከታች ውሃውን የሚገፋ አለመኖሩ ነው። ጎርፉ ከዚያ በኋላ እንደልቡ ነው፤ ሞልቶ ይፈስና ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። በታችኛው ሰፈር ደግሞ የአጎቴ ሚስት የልብስ ስፌት ቤት አላት።

«ባሌ ሁለት ሚስት አለው፤» ትላለች ለደንበኞቿ፣ መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች። «ዝናብ ሲመጣ ለአንዷ ካፖርት ያለብሳታል። ሌላዋ እኔ ነኝ።»

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ቁልፍ አያያዙን፣ ብሎን ሳይሰበር እንዴት እንደሚፈታ፣ ሦስቱን ቃላትም ጭምር። ባለፈው በጋ የድሮውን ፓምፕ አውጥተን አዲስ ተከልን። የአዲሱ ሞተር ነገር ሲነሳ ልቤ ይመታል። ሰው በሞተር ልቡ ሲመታ ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እናገራለሁ። ይህ ሞተር ጎርፍ ቢውጠውም ይሠራል። ሰውነቱ ድፍን ብረት ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ሙጫ ተሞልቷል። ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ሁለት ማሸጊያ አለው፤ በሁለቱ መካከል ዘይት አለ፣ ውሃ የመጀመሪያውን አልፎ ቢገባ እንኳን እዚያው ይያዛል። በደረቅም ይሠራል፣ ሰጥሞም ይሠራል። ከመትከላችን በፊት በጥገናው ግቢ ትልቁ ገንዳ ውስጥ እየሠራ አሰጠምነው። የግቢው ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። አጎቴ ብቻ ቀረ።

«ሞተር ሲሰጥም ቆሜ አላይም» አለ። «ሌላ ቀን ጥሩኝ፣ ሲደርቅ።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። የአጎቴ ሚስት የአንድ ትምህርት ቤት ልብስ በሙሉ ልትሰፋ ተዋውላ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ጣቃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወለሉ ላይ ተደርድሯል፤ የተሰፋው ደግሞ ተጣጥፎ በካርቶን ሆኗል። ሌላ ዓመት ቢሆን በዚያ ሰሞን ሁሉንም በሸክም አስወጥታ ፎቅ ቤት ያላቸው ዘመዶች ዘንድ ታስቀምጠው ነበር፤ ሥራው ደግሞ ዝናቡ እስኪያልፍ ይቆማል።

«በይ ንገሪኝ» አለችኝ፣ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ። «ዘንድሮስ? ላንሳ?»

«አታንሺ፣ እትዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

መኪናውን አቆመች። «ይሄ ሰማያዊው ከራሰ ቀለሙን ይለቃል። ነጩን ሁሉ ያበላሸዋል። ትምህርት ሲከፈት የማስረክበው አይኖረኝም፣ ይህን ቤት እዘጋለሁ። ስዘጋው ደግሞ ስምሽን ጠርቼ ነው የምዘጋው።»

ስቃ ነበር የተናገረችው። እኔም ሳቅኩ። ከበሩ ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ግን ዞሬ የበሩን ደፍ አየሁት፤ ዝቅ ያለ ነው። ቃል ከአፍ ሲወጣ ላባ ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው በኋላ ነው።

የሚቀረው አጎቴ ነበር። ፓምፕ ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ውሃው ቀዩን መስመር ቢያልፍም አይጠፋም። ይስጠም። ተወው፣ ይስጠም።»

ወደ ታች ወደ ሞተሩ ተመለከተ። «ውሃ ሲውጠው እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«አዎ።»

«እጄን ምን ላድርገው ታዲያ?»

«ኪስህ ውስጥ ክተተው ጋሼ!» አለ ሬዲዮ ከላይ። ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ነው፤ ይህ ስም የወጣለት ማጥፊያው ስላልተገኘለት ነው። «ካልሆነም እኔ በገመድ አስርልሃለሁ። ሞተሯ ስትጮህ አንተም ትጮሃለህ፣ ሁለታችሁንም አንድ ላይ አዳምጣለሁ።»

አጎቴ አልሳቀም። ግን ራሱን ነቀነቀ። «አልነካውም» አለኝ። «ለአንቺ ስል አልነካውም።»

ዝናቡ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጀመረ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚበተን፣ ከዚያ ጠጠሩ ከነ ጋሪው እንደሚገለበጥ። እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ግድ ሆነ። ከላይኛው ሰፈር የሚመጣው ቦይ በክፍሉ የውሃ መግቢያ በኩል እየተንዶለዶለ ይወርድ ጀመር፤ ቡናማ፣ አረፋማ፣ ቅጠልና ላስቲክ የተሸከመ ውሃ። ማብሪያውን ከፍ አደረግኩት። ፓምፑ ተነሳ። ከወለሉ ተነስቶ በግድግዳው ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ተንቀጠቀጠ፤ ሰፈሩን ከወንዙ ከሚከልለው ግድብ ማዶ ደግሞ፣ በስፌት ቤቱ መስኮት ትይዩ፣ ውሃውን ወደ ወንዙ ይተፋ ጀመር።

«እያት! እያት እንዴት እንደምትጠጣ!» ይላል ሬዲዮ። «እኔ አማቴን ብቻ ነበር እንዲህ ሲጠጡ ያየሁት!»

አጎቴ ደረጃው ራስ ላይ ቆሟል፤ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ እስከ አንጓው አስገብቷል። ውሃው የፓምፑን እግር ሸፈነ። የሞተሩን ሆድ ነካ። አጎቴ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሆነውብኝ ሳላስበው እዘላለሁ፤ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው፣ ሽንቱ እንደመጣበት ሕፃን።

ውሃው ቀዩን መስመር ነካ።

«አጥፋ!» ጮኸ አጎቴ።

ሬዲዮ ማብሪያውን ወደ ታች መታው።

እንዲህ ነው የሆነው። ማንም አላሰበም። አጎቴ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር፤ አፉን ግን ኪስ ውስጥ የከተተለት አልነበረም። እኔስ? ያን ሞተር በገንዳ ያሰጠምኩት፣ ለሰው ሁሉ «ይስጠም» ስል የከረምኩት እኔ፣ ራሴን ደረጃው ወገብ ላይ አገኘሁት፤ ትልቁን ቁልፍ ጨብጬ ወደ ታች እየሮጥኩ፣ «ፍታ!» እስኪባል እየጠበቅኩ።

«ፍታ!» አልተባለም። ቀና ስል የአጎቴ አፍ እንደተከፈተ ቀርቷል።

ፓምፑ ዝም ብሏል። የሚሰማው ዝናቡና የሚገባው ውሃ ብቻ ነው። ሦስታችን ተያየን።

«ምን አደረግን?» አለ ሬዲዮ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝግ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አብራው!» አልኩ። «ሬዲዮ፣ አብራው!»

«ቆይ!» አለ አጎቴ። «እንዳትነካ! ክዳኑ አልተመታም!»

በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ የብረት ክዳን አለ። ፓምፑ ሲገፋ ይከፈታል፤ ፓምፑ ሲቆም የወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ በራሱ ይወድቃል። ሲወድቅ እንደ ትልቅ በር «ጓ!» ይላል። እኔ በድንጋጤዬ አላስተዋልኩም፤ አጎቴ ግን ድምፁን ጠብቆ አጥቶታል። ከቱቦው ውጭ ያለውን፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘውን የብረት ክንድ አየሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የሆነ ነገር፣ እንጨት ይሁን ላስቲክ፣ ክዳኑ ሥር ተቀርቅሯል። የተፋነው ውሃ ተመልሶ በቱቦው እየወረደብን ነበር፤ ፓምፑንም ወደ ኋላ እያሽከረከረው።

«ወደ ኋላ እየዞረ ብታስነሺው ዘንጉ ይቆረጣል» አለ አጎቴ።

ልክ ነበር። ውሃው ከቦዩም ከቱቦውም ገብቶ በፍጥነት እያደገ ነው። የሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ማንጠልጠያ ቀለበት ብቻ ይታይ ነበር፤ ዓይኔ እያየ እሱም ጠፋ።

አጎቴ እጁን ከኪሱ አወጣ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ረጅም ብረት አንስቶ ደረጃውን ወረደ፤ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ።

«ሬዲዮ! ማብሪያውን እንዳትነካ! እጅህን ወደ ላይ!» አለ።

«ይኸው ጋሼ! ሁለቱም ላይ ናቸው! እግሬንም ላንሳ?»

አጎቴ የክዳኑን ክንድ በብረቱ መታው። አልነቃነቅም አለ። ደገመው። ውሃው እያንገላታው ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ወደ እሱ ወረድኩ፤ ካፖርቱን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩት። ብረቱን ክንዱ ላይ አጋደመና በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት።

«ውረጅ እንጂ!» አላት ክዳኗን። «ውረጅ የኔ እመቤት! ውረጅ እናቴ!»

ጓ!

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። እየተጎታተትን፣ እየተንሸራተትን ወደ ላይ ወጣን፤ ሁለታችንም እንደ ጨርቅ እየተንጠባጠብን። ሬዲዮ ከሳጥኑ ሸሽቶ በሩ ጋ ቆሟል።

«እኔ ዛሬ ይህችን ማብሪያ አልነካም» አለ። «እጄ ከኔ ጋር አይደለም።»

ማብሪያው ፊት ቆምኩ። አጎቴ አጠገቤ ነው።

«ሰጥሞ ተነስቶ ያውቃል?» አለኝ።

«እየሠራ ሲሰጥም አይቻለሁ። ሰጥሞ ሲነሳ ግን አላየሁም።»

«ይነሳል?»

«እንዲነሳ ነው የተሠራው።»

«እንግዲህ» አለ።

ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋሁት። የኤሌክትሪኩን መጠን የምታሳየው መርፌ ዘልላ ዳር ደረሰች፤ እዚያ ተንቀጠቀጠች። መርፌዋ ወረደች። መሐል ላይ ደርሳ ቆመች። ከታች የማውቀው የሞተር ጩኸት አልመጣም፤ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በጫማዬ ሶል ገባ፣ ወፍራምና የተረጋጋ ንዝረት ሆኖ። የክዳኑ ክንድ በአንዴ ተነስቶ ቀጥ አለ፤ ተቀርቅሮ የነበረውንም ነገር ጠርጎት ሄደ።

«ተነሳ!» ጮህኩ። «ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ተነሳ!»

«ተነስቷል እኮ!» አለ ሬዲዮ። «ዓሣ! ዓሣ ነች እኮ ይቺ!»

ውሃው ግን ገና እያደገ ነበር። አንድ ደረጃ ዋጠ። ቀጥሎ ያለውን ዋጠ። የመጣው ጎርፍና የባከነው ጊዜ ተደምረው ነበር፤ ፓምፑ ይቅደም ጎርፉ ይቅደም ማንም ሊናገር አይችልም። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የአጎቴ ሚስት ናት። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ቱቦው መትፋት አቁሞ ነበር» አለች። ከኋላዋ ዝናቡ ይሰማል። «አሁን እንደገና ጀምሯል። መንገዱ ግን ውሃ ሆኗል፣ ወደ በሬ እየመጣ ነው። ላንሳ ወይስ ልተው? የማነሳ ከሆነ አሁን ነው፤ ሰው ጠርቼ ግማሹን እንኳን አተርፋለሁ። ንገሪኝ፣ ልጄ።»

አፌን ከፈትኩ። «አንሺ» ብል የሞተሩን እምነት ማጉደሌ ነው፤ «አታንሺ» ብል ደግሞ ያ ሁሉ ሰማያዊና ነጭ በእኔ አፍ ሊጠፋ ነው። ውሃው ሌላ ደረጃ ነካ።

አጎቴ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። እኔን አላየኝም፣ ውሃውንም አላየውም። በባዶ እጁ ቱቦውን ያዘ፤ ሐኪም የበሽተኛ ክንድ እንደሚይዝ ትንሽ ቆየ።

«አታንሺ» አለ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ አታንሺ የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ሞተሩ የት ነው ያለው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«ማን እዚያ ተወው?»

«እኔ ተውኩት።»

«እንግዲያው ተቀምጬ እሰፋለሁ» አለች። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት የስፌት መኪናዋ ሲነሳ ሰማነው።

ሦስታችንም ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብለን ውሃው ላይ አፈጠጥን። አንድ የጠርሙስ ክዳን ተንሳፎ መጥቶ ከእግራችን ሥር ካለው ደረጃ ጠርዝ ጋር ተጣበቀ። ከጠርዙ በላይ ይወጣል ብለን ጠበቅን። አልወጣም። እዚያው ይሽከረከራል።

«ሬዲዮ» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። «ምነው ዝም አልክ? ባትሪ ጨረስክ?»

ሬዲዮ በጣቱ ብቻ አመለከተ። ከጠርሙሱ ክዳን በላይ በሲሚንቶው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ወጥቷል። መስመሩ ጣት ያህል ሰፋ። እጅ ያህል ሰፋ።

«እየወረደ ነው» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል» አለ አጎቴ።

«ጋሼ፣ እየወረደ ነው!»

ያኔ ሬዲዮ ያበደ መሰለ። እየዘለለ የማንሻውን ሰንሰለት ያንቋቋዋል፣ ግድግዳውን ይስማል፣ «ጠጣችው! ቦዩን ጨርሳ ጠጣችው!» እያለ ይጮኻል። አጎቴ ሲስቅ አየሁት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ በውሃ የራሰ ካፖርቱ ሆዱ ላይ እየተንቦጫቦጨ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ደረጃዎቹ አንድ በአንድ ከውሃው ወጡ። የሞተሩ ቀለበት ብቅ አለ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ጭቃ ለብሶ፣ እየተንዘረዘረ፣ አሁንም እየሠራ።

ውሃው ወለሉ ላይ ሲደርስ ፓምፑ አየር ሊስብ ምንም አልቀረውም። «ጋሼ፣ በቃ ይጥፋ» አልኩ።

«ትንሽ ይሥራ።»

«ውሃ የለም እኮ፤ ምን ይስባል?»

«ትንሽ ብቻ። ይልመደን እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

ስንጨቃጨቅ በሩ ተከፈተ። የአጎቴ ሚስት ናት። ፓምፕ ቤቱን ረግጣው አታውቅም ነበር። ከጎረቤት የተዋሰችውን ትልቅ ቦቲ አጥልቃ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«ደፉን ነክቶ ተመለሰ» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ደፉን! አንድ ጣት ቢጨምር ኖሮ ገብቶ ነበር። በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማዬን ብቻ በላው።» ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። «ቱቦው መሐል ላይ ለምን ቆመ? ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አልን፣ ሦስታችንም እኩል።

ተራ በተራ አየችን። «ሦስት ሆናችሁ አንድ ማብሪያ?» አለች። ወደ ጠርዙ ተጠግታ ወደ ታች ተመለከተች፣ ጭቃ ወደለበሰው ሞተር። «ይቺ ናት ጣውንቴ?»

«ይቺ ሌላ ናት» አለ አጎቴ። «ካፖርት አትፈልግም።»

«ጥሩ። ጫማውን ለእኔ ትገዛልኛለህ።»

ማብሪያውን ወደ ታች አደረግኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ውስጥ ከሩቅ ነጎድጓድ ተንከባለለ። በበሩ በኩል ላይኛው ሰፈር ላይ ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር ታየን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ አረፉ።

«ሁለተኛው መጣ» አለ ሬዲዮ። «ከፊተኛው ይብሳል።»

የአጎቴ ሚስት ቀሚሷን እንደገና ሰበሰበች። «እኔ ልሂድ፣ ያልጨረስኩት እጅጌ አለ።»

«እዚህ አትቆይም?» አለ አጎቴ። «ዝናቡ እስኪያባራ?»

«ምን ልሠራ?» ብላ ወጣች። እንደዚያ ያለ ደመና ሲታይ የታችኛው ሰፈር ሰው ልጁንና ዕቃውን ይዞ ሽቅብ ነበር የሚሮጠው። እሷ ቁልቁል ሄደች፣ ቦቲዋ እየተንቦራጨቀ፣ ሳትቸኩል። አጎቴ መንገዱ እስኪሰውራት በሩ ላይ ቆሞ አያት። ከዚያ ዞሮ መጥቶ ደረጃው ራስ ላይ ተቀመጠ።

«አብሪው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ገና ውሃ አልመጣም ጋሼ።»

«ምን ሆኖ ነው የዘገየው?» አለ አጎቴ፣ አንገቱን ወደ መግቢያው አስግጎ። ሬዲዮም አጠገቡ ተቀመጠ፤ እኔ እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። የመጀመሪያው ቡናማ ውሃ በመግቢያው እየተንዶለዶለ ሲወርድ ሦስታችንም በደስታ ጮኽን።